ያለ ሥዕል ትምህርት ቤት የሚያድግ ሠዓሊ፤ የነገሌ ቦረናና የደቡብ ቆላማ ከተሞች የጥበብ ምንጮች

በኢትዮጵያ የሥነ ጥበብ ታሪክ «በራሱ ጥረት የተማረ» የሚለው መጠሪያ የሚሰጠው የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ለሙያው ለበቃ ሠዓሊ ነው። መጠሪያው ሠዓሊው ያላገኘውን ይናገራል፤ ያገኘውን ግን አይናገርም። እንዲህ ያለው ሠዓሊ ቀለምን፣ ቅርጽንና የእጅ ትጋትን ከአንድ ቦታ ተምሯል። ይህ ቦታ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌና በአካባቢያቸው ምን እንደሆነ ማወቅ፣ በባህልና ቱሪዝም፣ በትምህርትና በወጣቶች ዘርፍ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞች ተግባራዊ ጥቅም አለው። ምክንያቱም በርካታዎቹ ምንጮች ከከብት ሀብት ጋር የተቆራኙ ናቸው፤ ከብቱም ባለፉት ዓመታት ከባድ ጉዳት ደርሶበታል።

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርቀት ላይ የምትገኝ፣ ቀደም ሲል በሲዳሞ ክፍለ ሀገር የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ናት። በኋላም የጉጂ ዞን መቀመጫ ሆና ያገለገለች ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ሲቋቋም የዞኑ ዋና ከተማ ሆናለች። ከተማዋ በአገሪቱ ታሪክ ስሟ የሚነሳው ባብዛኛው ከጦር ሠራዊት ጋር ተያይዞ ነው። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በገናሌ ዶሪያ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር ከተዋጋ በኋላ የያዛት ይህችን ከተማ ነበር። በጥር 1966 ዓ.ም. ደግሞ በነገሌ የሰፈረው ጦር በምግቡና በመጠጥ ውኃው ብልሽት ምክንያት አድሞ መኮንኖቹን ያሰረበት ድርጊት ለዚያ ዓመት ለውጥ እንደ መነሻ ይቆጠራል። የጦር ሰፈሩ በከተማዋ የሥዕል ታሪክም ውስጥ ድርሻ ያለው በመሆኑ ወደ ኋላ ላይ ይነሳል።

ከቤተ ክርስቲያንና ከቤተ መንግሥት ውጭ

በሰሜንና በመሐል አገር ሥዕል ለብዙ መቶ ዓመታት የቤተ ክርስቲያን ሙያ ሆኖ ቆይቷል። ሠዓሊው ከመምህሩ ሥር ሆኖ ቀለም መበጥበጥን፣ ብራና መፋቅንና የቅዱሳንን ሥዕል መንደፍን ይማራል። ደጋጎቹ ሁለቱም ዓይኖቻቸው እንዲታዩ ሆነው፣ ክፉዎቹ ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ተመልካች የሥዕሉን ጽሑፍ ሳያነብ ታሪኩን ይረዳል። ዘመናዊው ሥልጠና የተጀመረው አሜሪካን አገር ቺካጎ ተምረው በተመለሱት በአቶ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሥራቹ ስም ይጠራል።

በቦረና አርብቶ አደር ቤተሰብ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ግን ከሁለቱም መንገዶች ርቆ ነው የሚያድገው። የቦረና ነባር እምነት ዋቃን በሥዕል ወይም በምስል አይገልጽም። በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቅዱሳን ሥዕልም ሆነ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የሠዓሊነት ማዕረግ የለም። የኑሮው አደረጃጀት በገዳ ሥርዓት፣ በጎሳና በውኃ ጉድጓድ ዙሪያ የተዋቀረ ነው። አገሩ በሙሉ በደብር፣ በአጥቢያና በርስት በሚታሰብበት ዘመን፣ የቦረና ልጅ በመንጋ፣ በኤላና በስምንት ዓመት የሥልጣን ዘመን ያስብ ነበር። በመሐል አገር ዓይን ሲታይ ይህ ከዋናው ባህል ያፈነገጠ አስተዳደግ ነው፤ በቦረና ዓይን ሲታይ ግን እንግዳው የመሐል አገሩ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የቀለም ትምህርት ከመንጋው

እረኛ ልጅ በመጀመሪያ የሚማረው የከብት መልክ መለየት ነው። ከብት በጠፋ ጊዜ «ላም ጠፋችብኝ» ብሎ መናገር ምንም አይጠቅምም፤ የጠፋችው ላም በመልኳ፣ በቀንዷ አቅጣጫና በነጠብጣቧ ትነገራለች። በዚህም የተነሳ የኦሮምኛ የከብት መልክ መጠሪያዎች እጅግ የተትረፈረፉ ናቸው። ዲማ ቀዩን፣ ጉራቻ ጥቁሩን፣ አዲ ነጩን፣ ዳለቻ አመድማውን፣ መጋላ ጠይሙን፣ ቡሬ ዥጉርጉሩን ያመለክታሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጉራቻ፣ ዳለቻ፣ መጋላና ቡሬ በአማርኛም ለፈረስና ለከብት መልክ የሚያገለግሉ መሆናቸው ደጋውና ቆላው የቀለም መዝገበ ቃላቸውን እንደሚጋሩ ያሳያል።

የሠዓሊ ዓይን የሚባለው በአብዛኛው ይኸው ችሎታ ነው። በትምህርት ቤት ተማሪው በአንድ ቀለም ውስጥ ያለውን የብርሃንና የጥላ ልዩነት እንዲያይ ለወራት ይለማመዳል። መቶ ከብት በመሸ ጊዜ ወደ በረት ሲገባ አንዷን ለይቶ «አልገባችም» የሚል እረኛ ያንን ልምምድ በሌላ ስም አድርጎታል።

በዚህ ላይ የሦስቱ ቀለማት ሥርዓት ይታከላል። ጥቁር፣ ቀይና ነጭ በኦሮሞ ባህል ትርጉም ያላቸው ቀለማት ሲሆኑ፣ በገዳ አርማዎች ላይ ጎልተው ይታያሉ። ጥቁር በሐዘን ብቻ አይታሰብም፤ ዋቃ ራሱ ጉራቻ ተብሎ ይጠራል፤ ዝናብ ያዘለው ሰማይም ጥቁር ነው። በድርቅ በሚጠቃ አገር ጥቁር ደመና መልካም ዜና ነው። ከመሐል አገር የሄደ ተመልካች የቆላ ልጅ በሣለው ሥዕል ላይ ጥቁሩን ሰማይ አይቶ ሥጋት ነው ብሎ ቢተረጉመው ሊሳሳት ይችላል።

ሴቶች የሚይዙት የቅርጽ ትምህርት

ከሁሉም የሰፋው ምንጭ የወተት ዕቃ ነው። በቦረና ቤት መሥራት፣ ምንጣፍ መፍተልና የወተት ዕቃ ማበጀት የሴቶች ሙያ ነው። ስዊድናዊቷ የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጉድሩን ዳል እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ምንጣፍና የወተት ዕቃን የቦረና ሴቶች የራሳቸው ይዞታ አድርገው ገልጸዋቸዋል።

ጎርፋ የሚባለው ዕቃ የሚሠራው በኦሮምኛ ኤርገምሳ ከሚባለው ተክል ሥር ከሚገኝ ጭረት ነው። ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተልጦና ተሰንጥቆ ከተዘጋጀ በኋላ ወተት እስከማያፈስ ድረስ ተጠብቆ ይጎነጎናል። በሰሜን የምትገኝ እናት ሙዳይና መሶብ በስንደዶና በአክርማ ስትሰፋ፣ የቦረና እናት ደግሞ ፈሳሽ የሚይዝ ዕቃ ከሥር ጭረት ትጎነጉናለች። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ስፌቱ በአንድ ቦታ ቢላላ የቀኑ ወተት መሬት ላይ ይፈሳል። ጪጮ የሚባለው አነስተኛ ዕቃ ለቤተሰብና ለልጆች ወተት ሲያገለግል፣ ኦኮሌ ደግሞ ከቆዳ ተበጅቶ ለማለቢያና ውኃ ለመቅጃ ይውላል። ኦኮሌ በድሮ ጊዜ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ የነበረ ሲሆን የግመልና የከብት ቆዳም ይውልበታል።

ዕቃው ተሠርቶ ብቻ አያልቅም። በወይራና በሌሎች እንጨቶች ጢስ ይታጠናል፤ ጢሱ ወተቱን ከብልሽት ይጠብቃል፤ ጣዕምም ይሰጠዋል። በታጠነ ቁጥርም የዕቃው መልክ ከቀይ ዳማ ወደ ጥቁር እየጠለቀ ይሄዳል። በላዩ ላይ የቆዳ ጠፍርና ማንጠልጠያ ይታሰርበታል፤ ለሠርግና ለክብር የሚቀርበው ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ በንግድ በሚመጣ ዛጎል ይዋባል። ዛጎሉ በኦሮምኛ ኤሌላን ይባላል። ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው በአንድ ጎርፋ ላይ የጢሱ ጥቁር፣ የጠፍሩ ቀይና የዛጎሉ ነጭ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

አንድ ልጅ ይህን ሁሉ የሚያየው በየቀኑ ነው። እናቱ የት ላይ ዛጎል እንደምታሳርፍና የት ላይ ባዶ እንደምትተው ያያል። ባዶ ቦታን መተው በሥዕል ትምህርት ቤት ከባድ ከሚባሉት ትምህርቶች አንዱ ነው። ሙያው የሴቶች በመሆኑ ወንድ ልጅ በእጁ አይሠራውም፤ በዓይኑ ግን ይወርሰዋል። ሴት ልጅ ግን በእጇም ትወርሰዋለች። በመሆኑም በአካባቢው «ሠዓሊ» ሲፈለግ ወንዶችን ብቻ መመልከት አብዛኛውን ሙያ ሳይመዘግቡ ማለፍ ይሆናል።

የኤላዎቹም ነገር መጠቀስ አለበት። የቦረና ዘጠኙ ቱላዎች በጎሳ የሚተዳደሩ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ናቸው። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው ኦኮሌውን ከእጅ ወደ እጅ በዘፈን እየተቀባበሉ ውኃውን ያወጣሉ። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይቆማል። ይህ ትርዒት ለቱሪስት ካሜራ የታወቀ ሆኗል። ለአካባቢው ልጅ ግን የሰው አካል ጎንበስ ቀና ሲል፣ ጡንቻ ሲወጠርና ብርሃን ከላይ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የሚያይበት ቦታ ነው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሰው አካል ጥናት በሚል ርዕስ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ብዙ አይርቅም።

በመንገዱ ዳር የቆሙ ጥንታዊ ምስሎች

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ዲላን ያቋርጣል። በዲላ አቅራቢያ ቻቤ በተባለው ሥፍራ በድንጋይ ግድግዳ ላይ የተፈለፈሉ የላሞች ምስሎች ይገኛሉ። ላሞቹ በጎን የሚታዩ ሲሆን፣ ቀንዶቻቸው ግን ከላይ እንደታዩ ተደርገው ተቀርጸዋል። ጡታቸው ተለቅ ብሎ ይታያል፤ ሻኛ የላቸውም። የዛሬዎቹ የቦረና ከብቶች ሻኛ ያላቸው በመሆናቸው ምስሎቹ የሌላ ዘመን ከብት መዝገብ ናቸው። ሥፍራውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያጠኑት ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ ናቸው። ቻቤ የሚገኝበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከቦረና በስተምዕራብ በሚገኘው ኮንሶ ደግሞ ዋካ የሚባሉት የእንጨት ሐውልቶች አሉ። ዋካ የሚቆመው ለጀግና ወይም ለታላቅ ሰው መቃብር ሲሆን፣ በመሐል ሟቹ፣ በጎንና በጎኑ ሚስቶቹ፣ ቀጥሎም የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎች ይቆማሉ። በግንባሩ ላይ ከላቻ የሚባለው ምልክት ይታያል፤ ከላቻ በቦረናም የክብር ምልክት ነው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዋካዎቹ የታወቁ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ተሰርቀው ለቅርስ ነጋዴዎች ተሸጠዋል። ከሌቦች የተመለሱት በካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም ተሰብስበዋል። የተሰረቀው ዋካ ከመቃብሩ ላይ ሲነሳ የአንድ ቤተሰብ ታሪክም አብሮ ይነሳል፤ በሙዚየም የተቀመጠው የማን እንደሆነ ማወቅ ሁልጊዜ አይቻልም።

ከተማው ያመጣው

በራሳቸው የሚማሩ ሠዓሊያን ብሩሽ የሚጨብጡት አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ሲገቡ ነው። በቆላማ ከተሞች የመጀመሪያው የሥዕል ሥራ ታፔላ መጻፍ ነው። የሻይ ቤት፣ የልብስ ስፌት ቤትና የሥጋ ቤት ባለቤት ስሙን ብቻ ማስጻፍ አይበቃውም፤ ሲኒ፣ መኪና ወይም በሬ ያስሥላል። ደንበኛው በሬው በሬ ካልመሰለ አይከፍልም፤ የበሬ መልክ በሚታወቅበት አገር ደግሞ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። የዘይት ቀለም ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገዛል፤ ሸራ ስለማይገኝ በቆርቆሮና በፓምፕሎይድ ላይ ይሠራል።

የጦር ሰፈሩም የራሱ ድርሻ ነበረው። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድኖች ይቋቋሙ ስለነበር፣ ለበዓላት የመሪዎች ትላልቅ ምስሎችና የመፈክር ሰሌዳዎች ይዘጋጁ ነበር። ፎቶግራፍን በካሬ ከፋፍሎ በትልቁ መገልበጥ የተለመደ ዘዴ ነው። የሥዕሎቹ ይዘት ከዘመኑ ጋር ቢያልፍም፣ ዘዴው አሁንም በየታፔላ ቤቱ ይሠራበታል። በሞያሌ ደግሞ ሌላ ተጽዕኖ አለ፤ በኬንያ ከተሞች የማታቱ አውቶቡሶች በዘፋኞችና በስፖርተኞች ምስል ማሸብረቃቸው የታወቀ ነው።

የለማ ጉያ ምሳሌ

ከደቡብ ቆላ ያልተወለዱ ቢሆንም፣ ከእረኝነትና ከጦር ሰፈር የወጣ፣ በራሱ የተማረ ሠዓሊ የት ሊደርስ እንደሚችል በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያሳዩት ሠዓሊ ለማ ጉያ ናቸው። በ1921 ዓ.ም. በምሥራቅ ሸዋ፣ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአዱላላ አካባቢ ከኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እርሳቸው የሰላሳ ዓመት ገደማ ሰው ነበሩ። መተዳደሪያቸው በቢሾፍቱ የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ሲሆን፣ ሥዕልን ያሳደጉት ከወታደርነቱ ጎን ለጎን ነው።

ስማቸው የሚነሳው በተለይ በፍየል ቆዳ ላይ በሚሠሩት ሥዕል ነው። ይህ ምርጫ ከቁጠባ በላይ ትርጉም አለው። ፍየል በመሐል አገር ብራና የሚሆን እንስሳ ነው። ብራና ፋቂው ቆዳውን ነክሮ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ጠጉሩንና ሥጋውን ፍቆ መጻሕፍት ይጽፍበታል፤ ሐረግ ይሥልበታል። ለማ ጉያ ይህንኑ ቆዳ ወስደው የገበሬን፣ የአዛውንትንና የአፍሪካ መሪዎችን ፊት ሣሉበት። አንድ እንስሳ የሁለት ባህል መሠረት ሆነ ማለት ነው። የቆዳው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለማይቆረጥ እያንዳንዱ ሥዕል የፍየሉን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ ተመልካቹም ሥዕሉ ከየት እንደመጣ አይረሳም።

ወንድሞቻቸው ቱሉ ጉያና አሰፋ ጉያም ሠዓሊያን ናቸው። በቢሾፍቱ የመሠረቱት የሥዕል ሙዚየም ጎብኚዎችን ከማስተናገዱም በላይ ለወጣቶች መማሪያ ሆኗል። ራሳቸው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ሌሎችን አስተማሩ። ለማ ጉያ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ ሙዚየሙ ስማቸውን ያስጠራል።

ከኢትዮጵያ ውጭ የቦረና ሴቶችን ሙያ ይበልጥ የሚመስለው የደቡብ አፍሪካዊቷ የአስቴር ማህላንጉ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት እኚህ የንዴቤሌ ተወላጅ የቤት ግድግዳ ሥዕልን የተማሩት ገና በልጅነታቸው ከእናታቸውና ከሴት አያታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ቀረቡ፤ በ1991 ደግሞ የቢኤምደብሊው ኩባንያ መኪና በንዴቤሌ ንድፍ ሣሉ። ማህላንጉን ከሌሎች የንዴቤሌ እናቶች የለያቸው ሙያው ብቻ አልነበረም፤ የሠሩት ሥራ ስማቸው ተጽፎበት ከመንደሩ መውጣቱም ጭምር ነው። የጎርፋ ሠሪዎች ስም ግን በገበያም ሆነ በሙዚየም መደርደሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም።

ድርቁና የፕላስቲክ ዕቃው

ከ2013 ዓ.ም. መጸው እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሳይዘንብ ቀሩ ወይም እጅግ አነሱ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ፤ ከመንደራቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በዱብሉቅና በሌሎች መጠለያዎች ሰፈሩ። በዘገባዎች የከብቱ ቁጥርና የእርዳታው መጠን ተገልጿል። ከሥነ ጥበብ አንጻር የደረሰው ጉዳት ግን የሚቆጠር ባለመሆኑ በዘገባ አይገባም። ላም ከሌለ ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ጎርፋ የሚጎነጉን የለም። በመጠለያ ውስጥ ያለች እናት የእርዳታ ዘይት በመጣበት ጀሪካን ውኃ ትቀዳለች። ጀሪካን ቀላል፣ ርካሽና የማይሰበር በመሆኑ ከድርቁ በፊትም የባህሉን ዕቃ እየተካ ነበር፤ ድርቁ ሂደቱን አፋጠነው።

በዚህ ጊዜ የተወለደ ልጅ ዳለቻንና መጋላን በቃል ሊሰማ ይችላል፤ በመንጋ ውስጥ ግን ላያየው ይችላል። መንጋ መልሶ ለማቋቋም የሚደረግ ድጋፍ በግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያዝ ጉዳይ ቢሆንም፣ ለባህል ጽሕፈት ቤቱም የሥራ ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው። የኤርገምሳ ተክል መገኛ፣ ሥሩ የሚቆፈርበት ወቅትና ሙያውን የያዙ እናቶች ስም በወረዳ ደረጃ ሳይዘግይ ሊመዘገብ ይገባዋል።

ሕጉ ምን ይላል

ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት በ1998 ዓ.ም. ያጸደቀች ሲሆን፣ ስምምነቱ ባህላዊ የዕደ ጥበብ ሙያን ይጨምራል። ዋካን የመሳሰሉ የሚዳሰሱ ቅርሶችን በሚመለከት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ምዝገባን፣ ጥበቃንና ከአገር የማውጣት ክልከላን ይደነግጋል።

በራሱ የተማረ ሠዓሊን በቀጥታ የሚመለከተው ግን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሆኖ በመፈጠሩና ግዙፍነት በማግኘቱ ሲሆን፣ የሥራው የጥራት ደረጃና የተሠራበት ዓላማ ከግምት አይገባም። የሠዓሊው የትምህርት ማስረጃም አይጠየቅም። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በነገሌ ወይም በሞያሌ በሻይ ቤት ቆርቆሮ ላይ በሬ የሣለ ወጣት ሥዕሉ ያለ ፈቃዱ በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ ቢያገኘው፣ ዲፕሎማ ካለው የከተማ ሠዓሊ እኩል መብት አለው። ሥዕሉ መቼና በማን እንደተሠራ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም የሥራ ደረሰኝ ማስቀመጥ ማስረጃ ለማቅረብ ይረዳዋል።